ሳሙና ቀማሾች

ሰው ልጁን ለውርስ ሲያዘጋጅ ያስተምራል፣ ይመክራል፣ ቢብስበት ይቆጣል። ባለ ሳሙናው ልጆቹን ለውርስ ያዘጋጀው ሳሙና እያስላሳቸው ነው። በዕድሜው አንቱ ሊባል የሚገባው ሰው መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን ከአፌ አይወጣልኝም።

ፋብሪካው አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። መሀሉ ላይ ሦስት ሰው አቁሞ የሚውጥ የብረት ድስት ተተክሏል፤ ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ተቀላቅለው ከማለዳ ጀምሮ ይንተከተኩበታል። ኮስቲኩ በዘይቱ ተበልቶ ካላለቀ ሳሙናው የገዢውን እጅ ይልጣል። ተበልቶ ሲያልቅ «ደርሷል» ይባልና ወደ እንጨት ቅርጾቹ ይገለበጣል። መድረስ አለመድረሱን ለማወቅ ባለ ሳሙናው ከአባቱ የተማረው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከማማሰያው ጫፍ ቆንጥሮ፣ እፍ እፍ ብሎ አቀዝቅዞ፣ የምላሱን ጫፍ ያስነካዋል። ከነደፈው ጥሬ ነው፤ ካልነደፈው ደርሷል።

«ሚዛን ይሸቅባል» ይላል ሁልጊዜ። «ወረቀት ይዋሻል። ሰውማ ተወው። ምላስ ግን አይዋሽም።» ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ ውሸት ሁሉ በምላስ ሲነገር መኖሩን ያልሰማ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ልጆች አሉት። ሁለቱንም ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ቅዳሜ ጠዋት እጃቸውን ይዞ ድስቱ ፊት አቆማቸው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ቅዳሜ የደረሰውን ያስቀምሳል፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ጥሬውን። «ጥሬውን ያላወቀ የበሰለውን አያውቅም» ባይ ነው። ወንዱ ልጅ በመጀመሪያው ቅዳሜ አስመለሰው። በሁለተኛው የጭነት መኪናው ሥር ተደብቆ ዋለ። አባትየው «የዚህ ምላስ ለወሬ ነው የተፈጠረ» ብሎ ተወው። ልጁ እልሁን ዋጥ አድርጎ ኬሚስትሪ ተማረና፣ ከዓመታት በኋላ በደረት ኪሱ አንዲት ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። ከጠርሙሷ አንድ ጠብታ ሳሙናው ላይ ሲያርፍ ኮስቲክ ካለበት ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ ከሌለበት ውሃ መስሎ ይቀራል። አባትየው አይቶ ሳቀ። ሠራተኞቹ ደግሞ ልጁን «ጠብታ» ብለው ስም አወጡለት፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀውም።

ሴቷ ልጅ ድስቱ ፊት ቀረች። «ቀማሿ» ይሏታል። ታሪኩ የእሷ ነው።

ቀማሿ ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት ሞላት። በልጅነቷ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ትምህርቷን ከጨረሰች ወዲህ ደግሞ በየቀኑ፣ ምላሷን ለድስቱ ስትገብር ኖራለች። ትዳሯም እዚያው ቀለጠ። የልጇ አባት ሁለት ዓመት አብሯቸው ከኖረ በኋላ «እናንተ ቤተሰብ አይደላችሁም፣ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ናችሁ» ብሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ። አልተከተለችውም። «ድስቱ ምላስ ወዳለበት ይሄዳል» ብሎ አባቷ ቃል ገብቶላታል፣ ያውም መቶ ጊዜ። ለዚያ ቃል ስትል ወንድሟን ጠልታለች። ደህና አድርጋ ነው የጠላችው፤ የጠርሙሱን ክዳን ሲከፍት ስትሰማ ጥርሷን ታፋጫለች።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገረችም። ምላሷ ሞቷል።

መቼ እንደሞተ እሷም በእርግጠኝነት አታውቅም። ከአራት ዓመት በፊት ይሆናል፤ አንድ ቀን ሎሚ ልጣ በላችና ውሃ ውሃ አላት። ከዚያ ወዲህ ሳሙናው ምላሷን ሲነካት ሙቀቱን ታውቃለች፣ ሌላ ምንም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚቀምሰው አባቷ ነው። ቀምሶ ዝም ይልና «እህ?» ብሎ ወደ እሷ ይዞራል። እሷ አፏን እያላወሰች ቅንድቡን ታያለች። ቅንድቡ ካልተኮሳተረ «ደርሷል» ትላለች፤ እሱም «ደርሷል» ብሎ ያጸድቃል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልሳተችም። በዚህም ትኮራ ነበር። ሰው እኮ በማጭበርበሩም ይኮራል።

ነገሩ የፈነዳው ሐሙስ ጠዋት፣ በአባቷ ቤት፣ ቁርስ ላይ ነው። ባለ ሳሙናው፣ ቀማሿና ትንሿ ልጇ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ትንሿ ሰባት ዓመት ሊሞላት ሁለት ቀን ቀርቷታል። ቀማሿ ሻይ ቀዳችና ከስኳር ዕቃው ለሦስቱም ሁለት ሁለት ማንኪያ ጨምራ አማሰለች። ዕቃውን ያን ዕለት ጠዋት ራሷ ነበረች የሞላችው፣ ጓዳ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ከረጢቶች ካንደኛው።

ባለ ሳሙናው እያወራ ጠጣ። እሷም እየሰማች ጠጣች። ወሬው ስለ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የውርሱ ወረቀት ይፈረማል፤ ፋብሪካው ለቀማሿ፣ የጭነት መኪናውና መጋዘኑ ለጠብታ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፤ ትንሿ ከዚያች ቀን ጀምሮ ድስቱ ፊት መቆም አለባት።

«ወራሽ በአርባ ዓመቱ አይሠራም» አለ ብርጭቆውን እየጨለጠ። «በሰባት ዓመቱ ነው የሚሠራ። ሀብት ያለ ምላስ ለሌባ የተተወ በር ነው።»

በዚህ መሀል ትንሿ ከብርጭቆዋ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ጠረጴዛው ላይ እትፍ አለችው።

«ጨው ነው» አለች።

እናትየው የራሷን ብርጭቆ አየች። ባዶ ነው። የአባቷን አየች። እሱም ባዶ ነው፤ እንዲያውም አተላ አልተረፈውም። አባትና ልጅ ቀና ብለው ተያዩ።

ዕድሜውን ሙሉ ምላስ አይዋሽም ሲል የኖረ ሰው ለመዋሸት ሁለት ትንፋሽ አልፈጀበትም። «አዎ፣ ጨው ነው» አለ ባለ ሳሙናው አፉን በመሐረብ እየጠረገ። «እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ልፈትናት ብዬ። አየሽ? ይቺ ምላስ አላት። ቅዳሜ በጠዋት ይዘሻት ነይ።»

ትንሿ ደስ ብሏት እግሯን ከወንበሩ ሥር አወዛወዘች። ቀማሿ ባዶዎቹን ብርጭቆዎች ሰበሰበች። የስኳር ዕቃውን የሞላችው እሷ ናት። አባቷ እየዋሸ ነው፤ መዋሸቱን እንደምታውቅም ያውቃል። አራት ዓመት ሙሉ ቅንድቡን ስታነብ፣ ለካ እሱም የእሷን ሲያነብ ነበር። ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዘው ገደል ይባላል። እነሱ ግን ገደል አልገቡም፣ ሳሙናቸው አንድም ቀን የሰው እጅ አልላጠም። ይህ እንዴት ሆነ?

መልሱን ፍለጋ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሄደች፤ ወደ እትዬ። እትዬ ድስቱን ከቀማሿ ዕድሜ በላይ ያማሰሉ ሴት ናቸው። ክንዳቸው የወንድ ክንድ ነው፣ ወሬ አይወዱም። እሳቸውን አንቱ እላለሁ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ወደ መቆሚያቸው ተጠግታ። «ለመጨረሻ ጊዜ ሳይደርስ የቀመስነው መቼ ነው?»

«እናንተ?» አሉ እትዬ ማማሰላቸውን ሳያቋርጡ። «ሳይደርስ መች ሰጥቻችሁ አውቃለሁ። አባትሽ አንድ ጊዜ አንቺ በሌለሽበት ሙሉ ድስት ጥሬ ደርሷል ብለው አስገለበጡ። ስድስት ዓመት ሆነው። በማግስቱ ቁርጥራጩን ሰብስቤ መልሼ ቀቀልኩት። ከዚያ ወዲህ ማማሰያውን የማቀርብላችሁ መድረሱን ሳውቅ ነው።»

«በምን ያውቃሉ?»

እትዬ ማማሰያውን ከፍ አደረጉላት። «አየሽ ሲወርድ? ጥሬው ይንጠባጠባል። የደረሰው እንደ መጋረጃ ነው የሚወርደው። ዓይን ላለው ምን ችግር አለው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔ ወራሽ ነኝ?» አሉና ወደ ድስታቸው ዞሩ።

ቀማሿ እዚያው ቆማ ቀረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ምላሷን ያቃጠለችበት ዕውቀት ዓይን ላለው ሁሉ ይታይ ኖሯል። ልታለቅስ ፈልጋ ነበር፤ ንዴቱ ቀደመና እንባውን አደረቀው።

ዓርብ ከሰዓት አባቷን በቢሮው አገኘችው። በሩን ዘጋችና ቆማ ተናገረች።

«አባባ፣ ልጅቷን ይተዉልኝ። የጠብታ ጠርሙስም እኮ ያንኑ ይናገራል።»

«የጠብታን ነገር በአፍሽ ታነሺ?»

«አነሳሁ።»

«ስሚ» አለ ባለ ሳሙናው እስክሪብቶውን አስቀምጦ። «ነገ ልጅቷ ከመጣች ፋብሪካው ያንቺ ነው። ካልመጣች ወረቀቱ ላይ የወንድምሽን ስም አስገባለሁ። አንቺም መንገድሽ ሰፊ ነው። ደግሞ አትከልክያት፤ ራሷ ናት መምጣት የምትፈልገው።»

«ሐሙስ ዕለት ሻዩ ውስጥ ጨው ያደረጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ ዓይኗን እያየ። ዓይኑን ሰበር እንኳ አላደረገም።

ቀማሿ ከቢሮው ስትወጣ ሁለት ነገር አወቀች። ዝም ካለች ፋብሪካው የእሷ ነው። ዝም ካለች የልጇ ምላስ የእሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ለአንድ አፍታ አመነታች። ድስቱን፣ ቅርጾቹን፣ በሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አየች፤ ሁሉም ለእሷ የተቀመጠ ነበር። ልጇን ይዛ ብትቀር ደግሞ እሱ እንዳሸነፈ ይኖራል፤ ልጅቷም አያቷን አምልካው ታድጋለች፣ አንድ ቀን ራሷ በእግሯ ትመጣለታለች። አይሆንም። መውደቅ ካለ ተያይዞ ነው።

ወደ እትዬ ተመለሰችና በጆሯቸው ተናገረች። «ነገ ማማሰያውን ቀደም አድርገው ያቅርቡ። ጥሬውን።»

እትዬ ማማሰያውን አቆሙ። «አባትሽ ይቃጠላሉ እኮ። አንቺም ትቃጠያለሽ።»

«ምን የቀረኝ አለ ብለው ነው?»

«ወይ ጉድ» አሉ እትዬ። እሺም እምቢም አላሉም።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ተጠርጎ ጠበቀ። ባለ ሳሙናው ሙሉ ልብስ ለብሷል። የውርሱ ወረቀት ከድስቱ ራቅ ብሎ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ነፋስ እንዳይወስደው ሳሙና ተጭኖበታል። ጠብታ ግድግዳ ተደግፎ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ የቀብር ሰው ይመስላል። ትንሿ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ የአያቷን እጅ ይዛለች። ሠራተኞቹ ቅርጾቹ አጠገብ ተሰልፈዋል።

እትዬ ማማሰያውን አነሱና አቀረቡ። ቀማሿ አየች። ከጫፉ ላይ ይንጠባጠባል።

ባለ ሳሙናው ቆነጠረ፣ እፍ እፍ አለ፣ ምላሱን አስነካ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። «እህ?» ብሎ ወደ ቀማሿ ዞረ።

እሷም ቆነጠረች። አስነካች። ሙቀቱን ብቻ አወቀች። ቅንድቧን እንደ ሁልጊዜው አሳረፈች፤ እሱ ያንን ሲያነብ አየችው፣ አሁን ገና አየችው፤ ዓይኑ ከግንባሯ ላይ እንደ ለማኝ ዓይን አልነቀል አለ።

«ደርሷል» አለች።

«ደርሷል» አለ ባለ ሳሙናው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ነይ እስኪ የኔ ወራሽ። ምላስሽን አውጪ።»

ትንሿ ምላሷን አወጣች። እናትየው የልጇን አፍ በመዳፏ ሸፈነችና፣ ዞር ሳትል፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟን ለመነችው።

«ጠብታህን አምጣ።»

ጠብታ መጀመሪያ የሰማውን አላመነም። ከዚያ ከግድግዳው ተላቆ መጣና ማማሰያው ላይ አንድ ጊዜ አንጠባጠበ። ሳሙናው ወዲያው ደማቅ ሮዝ ሆነ። ከሠራተኞቹ አንዱ «ያንተ ያለህ» አለ በለሆሳስ።

«ጠርሙሱ ተበላሽቷል» አለ ባለ ሳሙናው።

«እርስዎ ነዎት የተበላሹት» አለች ቀማሿ። «እኔም ነኝ። ሐሙስ የጨው ሻይ ጠጥተን ጨረስን፣ ሁለታችንም አላወቅንም። ዕቃውን የሞላሁት እኔ ነበርኩ አባባ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ፋብሪካ ያቆሙት እትዬ ናቸው። እኔና እርስዎ ቅንድብ ለቅንድብ ስንተያይ ነው የከረምነው።»

እትዬ ማማሰያቸውን ወደ ድስቱ መልሰው ማማሰል ጀመሩ።

ባለ ሳሙናው ቀላ። ኮስቲኩ ሥራውን ጀምሯል፤ የምላሱ ጫፍ ሲያብጥ ቃላቱ መንተባተብ ያዙ። ቀማሿ ከባልዲው በኩባያ ውሃ ቀድታ አፏን ተጉመጠመጠች፤ ደም ተፋች። ለእሱም ቀድታ ሰጠችው። ኩባያውን በእጁ ጀርባ መታውና መሬት ላይ ተንከባለለ።

«ምላስሽ ከሞተ» አለ፣ «ምን ልትወርሺ ነው እዚህ የቆምሽው?»

«የገደሉት እርስዎ ነዎት። ዋጋውን ነበር የምጠብቀው።»

ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሳሙናውን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ ወረወረው፣ የእሷን ስም ሰረዘና የወንድሟን ጻፈ። «ላንተ ነው» አለው ጠብታን። ፍቅር አልነበረበትም። ድንጋይ የሚወረውር ሰው ድንጋዩን ይወደዋል እንዴ?

ጠብታ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ አጥፎ ከጠርሙሱ ጋር ደረት ኪሱ ከተተው። «ማሸጊያ ክፍል ሰው ጎሎናል እህት ዓለም» አላት። «የሚቀመስ ነገር የለበትም።»

አንድ ሁለት ሠራተኞች ሳቁ። አሁን የሚሳቅለት ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቀማሿ የልጇን እጅ ይዛ በሠራተኞቹ መሀል አልፋ ወጣች። ከኋላዋ አባቷ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ምላሱ አብጦ ስለነበር ማንም አልገባውም።

ውጭው ደማቅ ፀሐይ ነበር። ሱቆች ተከፍተዋል፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ጉዳይ ይሯሯጣል። ቀማሿ ባዶ እጇን መውጣቷ ገና አልተሰማትም። የተሰማት ሌላ ነው፤ ልጄን አወጣኋት አለች በልቧ፣ ይህን እንኳ አደረግሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት።

የአስፋልቱ ማዶ ሲደርሱ ትንሿ እጇን ከእናቷ እጅ መነጨቀች።

«የኔ ነበር» አለች። «ትልቁ ድስት የኔ ነበር። አያቴ ለኔ ነው ያለኝ። አንቺ ነሽ ለጠብታ የሰጠሽብኝ።»

«ያቃጥልሽ ነበር የኔ ልጅ። አላየሽም አፌን?»

«ታዲያ ለምን ተለማመድኩ?»

ቀማሿ ቆመች። «ምን ተለማመድሽ?»

ልጅቷ መጀመሪያ አኩርፋ መሬት መሬት አየች። ምስጢር ነው፣ ለአያቷ ቃል ገብታለች። ግን አሁን ምን ዋጋ አለው። አያቷ ከሦስት ሳምንት በፊት ከጥሬው አንድ ቁራጭ ሰጥቷታል፤ በወረቀት ጠቅልላ ትራሷ ሥር አስቀምጣዋለች። ጠዋት ጠዋት እናቷ ሳትነሳ አውጥታ ምላሷን ታስነካዋለች። ይህን ሁሉ እየተኮላተፈች ተናገረችና፣ እናቷ ታምናት ዘንድ ምላሷን አውጥታ አሳየቻት። ጫፉ ቀልቷል፤ ከቅላቱ መሀል የስፌት ቁልፍ የምታህል ነጭ የደነደነች ቦታ አለች።

እናትየው መንገዱ ላይ ተንበረከከች። አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን ልታዞራት ስትል ልጅቷ አፏን ገጥማ ወደ ኋላ ሸሸች። ፊቷ ላይ ጥላቻ ነበር፤ ኩራትም ነበር።

«መጀመሪያ ነበር የሚነድፈኝ» አለች። «አሁን ቅር አይለኝም። እዚህ ጋ ምንም አይሰማኝም።»